ነጩ ቀሚስሽ ከእኔ ጋር ነው

ማናለብሽ፣

ከቤተ ክርስቲያን ሳትመለሺ ሚኒባሱ መጣብኝ፤ ሹፌሩ በር ላይ ክላክስ እያደረገ ነው።

በጎቹን ውኃ አጠጥቻለሁ። ባናውን ትቼልሻለሁ፤ ኢየሩሳሌም ሙቀት ነው ይላሉ። አንቺ ደርቢው።

እጅጌ አጭሩን ቀሚሴን ከሻንጣው አውጥቼዋለሁ። «ይህን ለብሰሽ ጎልጎታ ልትገቢ ነው?» ያልሽው እውነት ነው፤ ያናደደኝ አነጋገርሽ ነው። በእሱ ፋንታ ከሣጥንሽ እጅጌ ረጅሙን ነጭ ቀሚስሽን ወስጃለሁ። ያልጠየቅሁሽ መልስሽን ስለማውቀው ነው።

ባልሽ መኳንንት ካረፈ፣ ተዝካሩም ከወጣ ሰነበተ። አብረን ልንሳለም ተነጋግረን ነበር፤ ጥቁሬን አላወልቅም ብለሽ ቀረሽ። ያን ዕለት የተባባልነውን አልደግመውም።

ተሳላሚው ሁሉ ዮርዳኖስ ውስጥ የነከረውን ነጭ ልብስ ለመገነዣው ያስቀምጠዋል። ያንቺን ነክሬ የማመጣው ግን ለግንቦት ልደታ እንድትለብሺው ነው።

ስመለስ በጥቁር ከተቀበልሽኝ ቀሚሱን ለራሴ መገነዣ አስቀምጠዋለሁ።

የበረቱን መዝጊያ አጥብቀሽ እሰሪው፤ ነፋሱ ይከፍተዋል። ሹፌሩ እየጮኸ ነው።

ጥቁሩን ለእኔ አቆዪው፣ እኔ ገና አልሞትኩም።

እህትሽ እሌኒ