ቺንጋ ጠፍር አይደለም

ቢሆነኝ፣

የፒካፑን የፋን ቺንጋ ቅቤ የቀባኸው አንተ ነህ! የቀንበር ጠፍር መሰለህ እንዴ? ጎማ ቅባት ሲነካው ይንሸራተታል።

ትናንት ምጥ የያዛትን ሸጌን ከሙጃ ሳመጣ ፋኑ ቆመ፣ ሞተሩም ዳገቱ ላይ ፈላ። በቃሬዛ ተሸክመን ላሊበላ ስናደርሳት ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞቶ ነበር።

ቺንጋውን በሳሙና እጠበው። መወጠሪያውን አጥብቀው።

ሞተሩን ሳታስነሳ ፋኑን በእጅህ አዙረው። ሳይከብድህ ዝም ብሎ ከተሽከረከረ የራሱ የፋኑ ፍሪሲዮን አልቋል፣ በመኪናው እንዳትንቀሳቀስ።

የኬላውን የይለፍ ወረቀት ይዤ ለቅሶ ሄጃለሁ።

ቺንጋው ሲጮህ የሰነበተው መወጠሪያው ላልቶ እንደሆነ አውቅ ነበር። ከማጥበቅ ይልቅ «አንድ ነገር አርገህ ዝም አሰኘው» ያልኩህ እኔ ነኝ።

ለባሏ የነገርኩት ግን ያንተን ስም ብቻ ነው።

ደርበው