ብርሃን የላጣቸው ቅንጣቶች

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ ተሻለዎት ወይ? ዓይንዎስ የሰዓት ጥገናውን አሁንም ይችለዋል? ናፍቆታችሁ ሆዴን ቢያባባውም እኔ ደህና ነኝ፤ ሐሳብ አይግባዎት።

ባለፈው በስልክ ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ ስቄ አለፍኩ። ማክሰኞ ያየሁትን ካየሁ ወዲህ ግን ዝም ማለት አቃተኝ።

እዚህ በምሠራበት የምርምር ጣቢያ፣ ከመሬት በታች ረጅም የብረት ቧንቧ አለ። በውስጡ የሃይድሮጂን ቅንጣቶች ከብርሃን ብዙም በማያንስ ፍጥነት ይሮጣሉ። እያንዳንዱ ሁለት ኤሌክትሮን ተሸክሞ ይመጣና፣ ከቧንቧው ጫፍ ወዳለው ክብ ማሽን ሲገባ ሁለቱንም ማራገፍ አለበት። እስካሁን የሚያራግፋቸው ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ የካርቦን ወረቀት ነበር፤ ቅንጣቶቹ ሰንጥቀውት ሲያልፉ ኤሌክትሮኖቹ ይቀራሉ። ወረቀቱ ግን ይግላል፣ ይጨማደዳል፣ ይቀደዳል።

የሚቀይረው «አባ ቀስ» የምንለው አንጋፋ ቴክኒሻን ነው። ቦታው ሰውነትን የሚጎዳ ጨረራ አለበት። ዘንድሮ ሰውነቱ ሊቀበል የተፈቀደለትን የዓመት መጠን በስድስት ወር ስለጨረሰ ሐኪሙ እዚያ እንዳይገባ ከለከለው።

እንዲህ ያለው ጉዳት እንዲቀር፣ ወረቀቱን በሌዘር፣ ማለትም በአንድ ቦታ በተሰበሰበ ብርሃን፣ ለመተካት ሦስት ዓመት ለፋን። የእኔ ድርሻ መስተዋቶቹን ማስተካከል ነው፤ በፀጉር ስፋት ከተዛነፉ ብርሃኑ ቅንጣቶቹን ይስታቸዋል። እጄ የማይንቀጠቀጠው እርስዎ ወረንጦ ስላስያዙኝ ነው። አባ ቀስ ግን ብርሃን ምን ጉልበት አለው እያለ ይስቅብን ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ጊዜ ሳትን። አለቃችን ይብቃን ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ለመንኩት፤ የአንዷን መስተዋት ብሎን በጣም በጥቂቱ አዞርኩ። ከመቶው ዘጠና የሚሆኑት ኤሌክትሮናቸውን አራግፈው እንዳለፉ ስክሪኑ ላይ ታየ። ነገሩ ሁሉ ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አልቆየም። ባዶ ቧንቧ ውስጥ፣ ምንም ነገር ሳይጋረጥባቸው!

አባ ቀስ እንድንደግመው ጠየቀ። ደገምነው፤ ያው ሆነ።

«ሰው ሳይገባ ማለት ነው?» አለኝ።

«አዎ፣ ሰው ሳይገባ» አልኩት።

ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ወረቀቱን ሲቀይሩ የኖሩትን እጆቹን አየ። ሌዘሩ ቀኑን ሙሉ እንዲሠራ ለማድረግ ገና ብዙ ይቀረናል፤ እሱም ያውቃል።

ስወጣ ፀሐይ ክንዴ ላይ አረፈች። ዕድሜዬን ሙሉ የሞቅኩት ብርሃን፣ እንደ አዲስ እንግዳ ሆኖብኝ መንገድ ላይ ቆምኩ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወንድሜን በፈተናው በርታ ይበሉልኝ። አክስቴን ደህና ነሽ ወይ ይበሉልኝ። የእህቴን ሕፃን ደግሞ ፎቶዬን ያሳዩአት፤ ስመጣ እንዳትፈራኝ።

ልጅዎ
ከማሽኑ አጠገብ ካለው ማደሪያዬ፣ ግንቦት 14 ቀን