ባዶ የማይመለስ ቆርቆሮ

መካ፣ ነካሳ
መጋቢት 12 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለልጄ ለሀያት፤

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ሰነበትሽ የኔ እናት? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ደስታዬ ልክ የለውም። ጭኮ የምልክልሽ ቆርቆሮ ተመልሶ መጣ! ስንት ጊዜ ደብዛው ጠፍቶ ሰንብቶ፣ ሾፌሩ ዓብዱ ዛሬ አንቺ ከምትሠሪበት ከጅዳ ይዞት ከች አለ። እልል ስል ጎረቤቴ ራቢዓ እጇን ከሊጥ ሳታስለቅቅ ሮጣ መጣች።

"ምን ተገኘ? ኢቃማ ወጣልሽ እንዴ?"

"የምን ኢቃማ፣ የምን መኖሪያ ወረቀት! ልጄ ጭኮዬን ጨርሳ በላች!" አልኳት።

መቼም ያቺ ጭኮ! ቅቤው ከከሚሴ በሰው ሻንጣ የመጣ ነው፤ ገብሱን ራሴ ነኝ የቆላሁት። ምን ላድርግ፣ ማዳምሽ ስልክሽን ከወሰደችብሽ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁ። እንዳልመጣ ወረቀት የለኝ፣ የመንገዱን ፍተሻ አላልፍ። ከጭኮው ላይ የተጫንኩት የጣቴ ምልክት እንኳ ይድረስሽ ብዬ ነው የምልከው።

ቆርቆሮውን ስከፍተው ባዶ አይደለም። የሰው ዕቃ ባዶ አይመለስም ብዬ አይደል ያሳደግኩሽ? ለወትሮው ከማዳም ግቢ የቀጠፍሽውን ሎሚ ነበር የምታደርጊልኝ። የዛሬው ግን ከረሜላ ነው፤ እፍኝ ሙሉ።

ራቢዓ አየችና ፊቷ ተለወጠ። "ሳሊማ፣ ሀያት ስኳር በሽታሽን ረሳችው? ከሻይሽ ላይ ስኳሩን የምትነጥቅሽ እሷ አይደለችም?"

"ሥራ በዝቶባት ነዋ!" ብዬ ጮህኩባት። ዓብዱን "በዓይንህ አየሃት?" አልኩት። "እትዬ፣ እኔማ ለዘበኛው ሰጥቼ ከዘበኛው ነው የምቀበለው" አለና አቀረቀረ።

እነሱ ከሄዱ ወዲህ ከረሜላውን ይዤ ተቀምጫለሁ። ማዳም ዓረብ ናት፤ ዕቃ ባዶ አይመለስም ማለትን ከየት ታውቀዋለች? ዘበኛውም አያውቀው። ይህን የሚያውቅ ያገሬ ልጅ ነው፤ ስኳር በሽታዬን ግን የማያውቅ።

ዛሬም ጭኮ ሠርቻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ከሥሩ አደርገዋለሁ።

የምታነቢው ሀያት ካልሆንሽ፣ ልጄ፣ ብይው። ሐላልሽ ነው። የማን ልጅ እንደሆንሽ አላውቅም፤ ጥሩ እናት እንዳሳደገችሽ ግን አውቄያለሁ። እሷም እንደኔ ልጄ ምን በልታ ይሆን እያለች ነው። ከረሜላ ግን አትላኪልኝ። ሀያቴ በሕይወት ካለች ሎሚ አድርጊልኝ፤ የደረቀም ቢሆን። ከሌለች ደግሞ ባዶውን መልሺው። ነውር ነው ብለሽ አትፈሪ፣ አልቀየምሽም።

አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ እጅ ይሰውራችሁ። በሄዳችሁበት የሚያበላ እጅ አይንፈጋችሁ።

እናታችሁ ሳሊማ