ስለ ባለቤቴ መኪና ክንፍ እና ስለ እኔ ክብደት

ለተከበሩ የተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ እና በመኪናዎ ጋቢና ለሚቀመጡ ሁሉ ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ። እኔ የሰዓት ጠጋኙ ሚስት ነኝ፤ ከጣቢያዎ ጀርባ ባለው መንገድ የምትመላለሰው፣ ከሰውነቷ ይልቅ ጌጧ የሚበልጠው የትንሿ ቀይ መኪና ባለንብረት ሚስት ማለቴ ነው። እኔን ምናልባት አያውቁኝም፤ መኪናዋን ግን በሚገባ ያውቋታል። በዚህ ቅር አልሰኝም፤ በቤቴም ያለው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም።

ይህን ደብዳቤ ለሁሉም እንዲታይ አድርጌ የምጽፈው ድፍረት በዝቶብኝ አይደለም። ድምፄ ዝቅ ያለ ሴት ነኝና ቢሮዎ መጥቼ ብናገር ግቢው ውስጥ ከሚጮኹት ሞተሮች በታች እንደምቀር ስለማውቅ ነው።

እንደሚያስታውሱት ባለቤቴ ዘንድሮ ለምርመራ ሲመጣ ከመኪናዋ ኋላ ስፖይለር የሚሉትን ክንፍ፣ ከፊቷ እንደ አገጭ የወጣ ፕላስቲክ፣ ከግራና ከቀኟ ደግሞ መሬት ለመሬት የሚጎተት ቀሚስ መሳይ ነገር ገጥሞላት ነበር። እርስዎም ክንፉን በእጅዎ መታ መታ አድርገው፣ “አሁን ገና መኪና ሆነች! ነፋሱንም ትሰነጥቀዋለች” አሉት። ክቡር ሆይ፣ ያቺ ቃል ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤታችን አልወጣችም። ፊቱን ሲታጠብ ይላታል፤ ሰዓት ሊያሠራ ለመጣ ደንበኛ ሁሉ ይነግራታል። ባለቤቴ ሌላ ሰው የተናገረውን ቃል በቃል መያዝ እንደሚችል ያወቅኩት በእርስዎ ምክንያት ስለሆነ ምስጋናዬ ወደር የለውም፤ እስከዚያ ድረስ ይህ ተሰጥኦ ጨርሶ ያልተፈጠረለት ይመስለኝ ነበር።

ከምስጋናዬ ቀጥዬ ጥቂት ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ነፋሱ። እኔ የተማርኩ ሴት አይደለሁም፤ የማውቃትን ጥቂት ነገር ያነበብኩት ዕቃ ተጠቅልሎባቸው ከሱቅ ከሚመጡ ወረቀቶች ነው። ከነዚህ በአንዱ ላይ ስለ መኪና ክንፍ ተጽፎ አገኘሁ። መኪናዋ እጅግ ስትፈጥን ነፋሱ ክንፉን ወደ ታች ይጫነዋል፣ ክንፉም የኋላ ጎማዎቹን ከመሬት ጋር ያጣብቃቸዋል ይላል። ቀጥሎም “በዝግታ ለምትሄድ ትንሽ መኪና ግን” ይልና ወረቀቱ እዚያው ላይ ተቀዷል። ከ“ግን” በኋላ ያለው ዕውቀት የሌላ ሰው ስኳር ጠቅልሎ ሄዷል። ስለዚህ ቀሪውን እንዲሞሉልኝ በትሕትና እየለመንኩ፣ እስከዚያው ያየሁትን ብቻ እመሰክራለሁ። በእኛ መንገድ ላይ ዳቦ የሚያመላልሰው ባለ ብስክሌት ከኋላችን ደርሶ ሰላም ይለናል፤ ከዚያም ቀድሞን ይሄዳል። ነፋሱ መሰንጠቁን አላየሁም፤ ሲያልፈን ግን አይቻለሁ። ክንፉ ለመኪናዋ ተለክቶና ተጠንቶ የተሠራ ከሆነ ጥቂት ይረዳል የሚሉ መኖራቸውን አልክድም። የእኛው ግን ከአንድ ትልቅ መኪና ላይ ወርዶ፣ በመጋዝ አጥሮ የተገጠመ ነው፤ የተጠናውም በጋራዡ መስታወት ፊት ነው።

2ኛ. ስለ ዓይን። ባለቤቴ የሰዓት ጥርስ የሚያይባት፣ ዓይኑ ላይ የምትጣበቅ ትንሽ ማጉያ አለችው። ዛሬ ዛሬ ማታ ማታ በዚያች ማጉያ የሚመረምረው መኪናዋን ነው፤ የሽፋሽፍት ያህል ጭረት ካገኘ እራት አይበላም። እኔ ፀጉሬን አሳጥሬ ተቆርጬ ብገባ ቀና ብሎ፣ “አምፖሉን ቀየርሽው እንዴ? ቤቱ በራ” አለኝ። አዲስ ቀሚስ የለበሰችውም እሷ፣ “ቆንጆዬ” የምትባለውም እሷ ናት። አዎን፣ ቀንቻለሁ፤ ዓይኔ ቀልቷል፤ ይህንንም በአደባባይ ለመጻፍ አላፍርም። ጣውንት አምጥቶብኝ ቢሆን እንኳ ቢያንስ ቁጭ ብለን እሱን የምናማበት ቀን ይኖረን ነበር። ከዚህችኛዋ ጋር ግን ምን ብዬ ልጣላ? ብነካት የምትጮኸው ማንቂያዋ ነው፤ ሮጦ የሚመጣውም እሱ ነው።

3ኛ. ስለ ክብደት። ያ አገጭ ከተገጠመላት ወዲህ መኪናዋ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ስትደርስ ሆዷ መሬት ይነካል። ስለዚህ ባለቤቴ በየጉብታው ፊት ቆም ይልና፣ “እስቲ አንዴ ውረጂልኝ፣ ከፍ ትበል” ይለኛል። እወርዳለሁ፤ እሷ እየተንፏቀቀች ታልፋለች፤ እኔ በእግሬ ተሻግሬ እንደገና እገባለሁ። መንገዱ ዳር የምትቀመጠው አትክልት ሻጭ፣ “እትዬ፣ ዛሬስ አብረሽው ነሽ ወይስ እየሸኘሽው ነው?” እያለች ትስቅብኛለች። ክቡር ሆይ፣ እንደ ባለሙያ ይፍረዱኝ። የክንፉ ሥራ መኪናዋን ወደ መሬት መጫን ከሆነ ይህንን ሥራ ከተጋባን ጊዜ ጀምሮ ያለ አንድ ብሎን ስሠራው ኖሬያለሁ። ታዲያ ክንፉ ስለሚጫናት በቀለም ሲያጌጥ፣ እኔ ስለምጫናት የምወርድበት ሕግ በየትኛው መመሪያ ላይ ይገኛል?

የሚቀጥለውን ቅሬታ ቁጥር አልሰጠሁትም፤ ከሌሎቹ ጋር ሊሰለፍ አልወደደም።

ባለፈው እሑድ ታምማ የተኛች እህቴን ልንጠይቅ ሾርባ የያዘ ድስት ታቅፌ ጋቢና ተቀመጥኩ። ወፍጮ ቤቱ ፊት ካለው ትልቅ ጉብታ ስንደርስ እንደ ወትሮው ወረድኩ። መኪናዋ ተሻገረች፤ እኔም ተሻገርኩ። እሷ ግን አልቆመችም። ክንፏ ከሩቅ እያበራ ኩርባውን ሲዞር ቆሜ አየሁት። ዱቄት የነካቸው ሠራተኞች ከወፍጮ ቤቱ ወጥተው አዩኝ፤ አንዱም ሳይስቅ በርጩማ አመጣልኝ። ከመሳቃቸው ይልቅ አለመሳቃቸው ከበደኝ። ባለቤቴ እህቴ ቤት ደርሶ፣ እህቴ እንደምንም ተነስታ በር ከፍታ፣ “እህቴስ?” እስክትለው ድረስ አልጠረጠረም። ተመልሶ ሲመጣ ሾርባው ቀዝቅዟል። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይኑ እየበራ፣ “መኪናዋ ድንገት ቅልል ስትልልኝ ክንፉ መሥራት የጀመረ መስሎኝ እኮ ነው” አለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት አጠገቡ መቀመጤን ልብ ባይለው ለምዶኝ ነው እያልኩ እጽናና ነበር። አለመቀመጤንም ለነፋስ ሥራ ሰጠው።

ልመናዬ አጭር ነው። ወይ ያቺን ቃል ባወጡበት ድምፅ መልሰው ያንሷት፤ ወይም በሚቀጥለው ምርመራ እኔ ጋቢና ተቀምጬ ሳለ መኪናዋ በጣቢያዎ ጉብታ ላይ እንድታልፍ ያድርጉ። ሆዷ መሬት ከነካም፣ ከክንፉና ከእኔ ማን መፈታት እንዳለበት ለባለቤቴ በአፍዎ ይንገሩት፤ የእርስዎን ቃል ይይዛል። ክንፉን ለመፍታት መፍቻ ያስፈልጋል። እኔ ግን ያለ መፍቻ እወርዳለሁ፤ እስካሁን ማንም ያላስተዋለው ሁልጊዜ ተመልሼ ስለገባሁ ነው።

የጣቢያዎ በር ሰፊ፣ ፊርማዎ የተከበረ፣ በመንገድዎ ያለው ጉብታ ሁሉ ዝቅ ያለ እንዲሆን እየተመኘሁ፣

ታላቅ አክብሮቷ የማይለይዎ፣
የሰዓት ጠጋኙ ሚስት፣
እስከሚቀጥለው ጉብታ ድረስ ተሳፋሪ

ማሳሰቢያ፦ ለእርስዎ ከምልከው ሌላ የዚህን ደብዳቤ አንድ ቅጂ በመኪናዋ የኋላ መስታወት ላይ፣ ልክ ከክንፉ ሥር ለጥፌዋለሁ። ጠረጴዛ ላይ ብተወው ባለቤቴ አያየውም፤ እዚያ ግን ዛሬ ማታ በማጉያው ያነበዋል። ዛሬ ጠዋት ከለጠፍኩት በኋላ ዘንቦ ነበር፤ ክንፉ ከልሎት አንድም ፊደል አልረጠበም። ስለዚህ ምንም አይጠቅምም ለማለት የቃጣሁትን በዚህ አርሜያለሁ።