ሰላምታ የጎደለው ኢሜይል

የካቲት 3 ቀን 2007
ሰው ወደ ጉዳዩ እስኪገባ ይሄን ሁሉ ሰላምታ ለምን ይደረድራል?
ዛሬም አለቃዬ ሐጂ ቲጃኒ ለጀርመኑ ቡና ገዢያችን ለኡልሪክ ኢሜይል ሲያጽፉኝ በሚስቱ ጀመሩ፣ በልጁ ጥርስ አለፉ፣ በአገሩ ብርድ ጨረሱ። ቡናው የት ገባ?
«ሐጂ፣ ቢዝነስ ላይ እኮ አጠር ይላል።»
«እሺ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ቁረጪው!»
ቆረጥኩት። ሁለት መስመር። እዚህ ሄርማታ ሰፈር ውስጥ እንዲህ የሚጽፍ ሌላ ቢሮ ይኖር ይሆን?

የካቲት 12
«የመልእክት ሳጥንዎ ሞልቷል፤ የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ» የሚል ኢሜይል መጣ። ወዲያው አስገባሁ። ቀልጣፋ ሠራተኛ...

የካቲት 27
ጉድ ሆንኩ! ኡልሪክ የኮንቴይነሩን ክፍያ ልኬአለሁ ይላል... «በነገራችሁኝ አዲስ አካውንት»። የምን አዲስ? ለካ ያ የሳጥን መልእክት ወጥመድ ነበር። ሌባው ኢሜይላችንን ሲያነብ ከርሞ በእኛ ስም ጻፈለት። ሁለት መስመር። ቁርጥ እኔን!
ደወልኩለት። «ድሮ ቢሆን ቤተሰቤን ሳትጠይቁ ስለ ገንዘብ ስታወሩ እጠረጥር ነበር» አለኝ።
ኡልሪክ ባንኩ ገንዘቡን እንዲያግድለት ጠይቋል። ይመለስ ይሆን?

መጋቢት 4
ምንም የለም። ሥራ ቆመ፣ መጋዘኑ ጭር አለ። ከአጋሮ ቡና የሚያመጡልን መኪኖች ሌላ ነጋዴ ጋ ማራገፍ ጀምረዋል። አንድ ጠቅታ ስንት ቤት ታንኳኳለች?
የመጋዘኑ ቡና ለቃሚዎች አለቃ ብርሃንነሽ በር ላይ ያዘችኝ። «ዮርዲዬ፣ ያ ኮምፒውተርሽ ደሞዛችንን በልቶ አሁንም አልጠገበም?» ሳቀች። እኔን ግን ሳቅ እምቢ አለኝ።
ሐጂን ሥራ ልልቀቅ አልኳቸው።
«መልቀቅ? ሜ፣ እስቲ መጀመሪያ ስልኩን አንሺና ለኡልሪክ ደውዪ! ሚስቱን ሳትጠይቂ ስለ ገንዘቡ ብታነሺ ግን... ዋላሂ አጠገቤ እንዳትደርሺ!»
ደወልኩ። ሚስቱን ጠየቅኩ። ሩብ ሰዓት ስለ ጓሮዋ አወራልኝ።

መጋቢት 19
ገንዘቡ መጣ! ሌባው ሳያወጣው ባንኩ አግዶት ኖሯል። ሐጂ አልሐምዱሊላህ፣ እኔ ተመስገን። ለቃሚዎቹ ተመለሱ። ከመኪኖቹ ግን ገሚሶቹ እንደወጡ ቀሩ። ከእንግዲህ አካውንት ተቀየረ ከተባለ፣ ድምፅ ለድምፅ ሳንነጋገር ማንም አይከፍልም።
ኡልሪክ የከርሞውን ውል ገና አልፈረመም። ዛሬ ሐጂ ሳያጽፉኝ ራሴ ጻፍኩለት፦
«እዚህ ዝናቡ ጀምሯል፣ ቡናው አብቧል። ሐጂ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ቢሆንም በእኔ ማሾፍ አላቆሙም። ትናንት በስልክ ስናወራ ሲያስልዎት ሰማሁ። ተሻለዎት? ስለ ውሉ ቆይተን እናወራለን። መጀመሪያ ይሄን ይመልሱልኝ።»