ከፉኩኦካ እስከ ቡሳን አምሳ አምስት ደቂቃ

ሃክሱ፣
እናቱን በውሸት የሚያስጠብቅ ታላቅ ልጅ ታላቅነቱን ያጣል።

ሩዙ ማብሰያው ውስጥ አለ። እኔ እናታችን ዘንድ ሄጃለሁ።

ትናንት በአባታችን ሙት ዓመት የመጀመሪያውን ጽዋ መቅዳት የነበረብህ አንተ፣ ታላቁ ወንድ ልጅ፣ ነበርህ። እናታችን «ልጄ ገና ሰማይ ላይ ነው፤ አትቸኩሉ» እያለች እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አስጠበቀችን። አጎታችን «ከፉኩኦካ ነው ወይስ ከጨረቃ የሚመጣው?» ሲሏት አንገቷን ደፋች።

ማታ ቤት ስትገባ «እቱ፣ በረራው አራት ሰዓት ፈጀ፤ የሰዓት ልዩነትም አለ» አልኸኝ።
የጃፓን ሰዓትና የእኛ የቡሳን ሰዓት አንድ ነው። በረራውም አንድ ሰዓት አይሞላም።

ስለዚህ ቦርሳህን ከፈትሁ። ሳላስፈቅድህ መክፈቴ ጥፋት ነው፤ አልክደውም።
የመሳፈሪያ ወረቀትህ ከቀኑ በስድስት ሰዓት መነሣትህን ይመሰክራል።

ከሰባት ሰዓት በኋላ የት ነበርህ?
በጫማህ ውስጥ ያለው አሸዋስ?
ለእኔ አትመልስልኝ።

ዛሬ ጠዋት ለአጎታችን ደውዬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እሳቸውም ወሰኑ። ከእንግዲህ የመጀመሪያውን ጽዋ የሚቀዳው ታናሽህ ጁንግሆ ነው፤ አንተ ከኋላው ትቆማለህ።

እኅትህ ኦክራን