የልጄ የጡት እናት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለቄስ አብተው፣ ቡልጋ።

ጋሼ፣ እንዴት ከርመዋል? የወገብዎ ሕመም ተሻለዎት ወይ? እናታችንስ እንዴት ናት? ዓይኗስ? አዝመራው ደረሰላችሁ ወይ? እኔ ደኅና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ቄስን መዋሸት ሆነብኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ እናታችን ፊት አያንብቡት። መርዶ በወረቀት እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ግን ከአዳማ ቡልጋ ድረስ የትኛውን ሽማግሌ ልላክ?

ጋሼ፣ ዘመናይ ሞተችብኝ። ሴት ልጅ ወልዳ ገና አራስ ሳለች ንዳድ ያዛት። የዘንድሮው ንዳድ ከአዳማ እስከ ደራ ቤት አልመረጠም። ከባቡር ጣቢያው ሐኪም ኪኒን ለምኜ ሰጠኋት፣ ጠበልም አስመጣሁ፤ አልሆነም። በጥቅምት ማርያም ዕለት ቀበርኳት።

ልጅቱ ተረፈች፤ ግን ማን ያጥባት? የላም ወተት በጥጥ እየነከርኩ ብሰጣት ታስመልሰዋለች። ለአንዲት አሮጊት ጎረቤት ትቻት ውዬ ከጣቢያው ሥራ በተመለስኩ ቁጥር ለቅሶዋ እየሰለለ ሄደ። እኔም ስለት ተሳልኩ። እህል ሳልቀምስ እየዋልኩ፣ እመቤቴ ሆይ ለዚች ልጅ ጡት ስጪያት እያልኩ ለመንኩ።

በዚያው ሰሞን ከአጥራችን ወዲያ የምትኖረው ደራርቱ፣ የጨው ነጋዴው የአብደላ ሚስት፣ ደጄ መጣች። የእሷንም ሕፃን ንዳዱ ወስዶባት ጡቷ ሞልቶ ያሠቃያት ነበር። እጇን ዘርግታ በአገሯ ቋንቋ «ናፍ ኬኒ» አለችኝ፤ ስጠኝ ማለቷ ነው። እኔ ግን ገና ክርስትና ያልተነሣች ልጅ የእስላም ጡት ከጠባች ምን ልትሆን ነው ብዬ ፈራሁ። ያረዱትን የማንበላ ሰዎች ጡታቸውን እንዴት? ፈተና ነው ብዬ አማትቤ መለስኳት። በነጋታውም መጣች፤ መለስኳት። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።

ልጅቱ ዓይኗን መግለጥ ሲያቅታት፣ ሳትጠመቅ እንዳትሞት ብዬ ታቅፌያት ወደ ነፍስ አባቴ ሮጥኩ። ሽማግሌው ሁሉን ከሰሙ በኋላ ተቆጡኝ። ለሞቷ እኔ ዘንድ ድረስ ስትሮጥ፣ ለሕይወቷ አንድ አጥር መሻገር አቃተህ ወይ አሉኝ። ጡት ለምነህ ጡት ቢላክልህ የምታመጣውን ሴት ታማርጣለህ አሉ። አጥምቀው ወለተ ማርያም ካሏት በኋላ፣ ራሷ ሳይደርቅ ሂድ ብለው አባረሩኝ።

ደራርቱን ወተቱ እንዲደርቅላት ጡቷን በመቀነት ጠፍንጋ አስራ አገኘኋት። ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ልጅቱን ከእጄ ወስዳ ገብታለች። ወተቱም ቶሎ አልወረደም። እኔና አብደላ ደጅ ተቀምጠን፣ እሱ አምላኩን እኔ እመቤቴን እየለመንን ቆየን። ኋላ ያቺ የሰለለች ለቅሶ ቆመች። ሞተች ብዬ ብድግ አልኩ። እየጠባች ነበር።

አሁን ሥጋ እያወጣች ነው። የምታድረው ግን ደራርቱ ዘንድ ነው፤ እኔ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ አያታለሁ። ደራርቱ ወለተ ማርያም አትላትም። ቡዜ ትላታለች፤ የሞተችው የራሷ ልጅ ስም ነው። ስትጠራት እሰማለሁ፣ አላርማትም። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ልጄን አተረፈልኝ፤ ቤቴ ግን ባዶ ነው። ልጅቱን ያየ አምላክ እናቷን ለምን እንደተዋት ዛሬም አልገባኝም። ይህን ማለቴ ኃጢአት ከሆነ ይፍቱኝ።

እናታችንን በማለዳ ዘመድ ሰብስበው ይንገሯት። የደራርቱንም ነገር አይደብቋት። ትቆጣ ይሆናል፤ ትቆጣ፣ የልጅ ልጇ ግን በሕይወት አለች።

እናታችንን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ባለቤትዎን እትዬ ተሻለችን እንዴት ነሽ ይበሉልኝ፤ ዘመናይን እንደ እህት ትወዳት ነበርና ቀስ ብለው ያስረዷት። ልጆቹን አንድ በአንድ ይሳሙልኝ። ለዘመናይ ፍትሐት ያድርጉላት። ስለ ሕያዋን ሲለምኑ ደግሞ ደራርቱን ያስቡልኝ። የክርስትና ስሟን አይጠይቁኝ፤ በዚያው በስሟ ይጥሯት።

ታናሽ ወንድምዎ ዘገዬ

አዳማ፣ ኅዳር ፲ ቀን ፲፱፻፳፪ ዓመተ ምሕረት